እፍኝ የማይሞላ ጓያ

በአንድ ወቅት፣ ሴት ልጅ ለትምህርት ስትወጣ አገሩ ሁሉ እየመረቀ በሚሸኝበት፣ ስትመለስ ግን ሁሉም እጇን እያየ «ለእኔስ ምን ያዝሽልኝ?» በሚልበት አገር፣ አትጠገብ የምትባል የሳይንስ ተማሪ ነበረች። ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የመጀመሪያውን ዲግሪ ይዛለች፤ ሁለተኛውንም ይዛለች፤ ሦስተኛው ግን እሱ ራሱ ይዟት አልለቅ ብሏል።

የምታጠናው ጓያ ነው። ጓያን የማያውቅ ካለ፦ ዝናብ ሲጠፋ፣ ጤፉም ገብሱም ሲከዳ፣ በተሰነጠቀ የዋልካ አፈር ላይ ብቻውን ቆሞ የሚያፈራ እህል ነው። ድሀን ከሞት ያስጥላል። ሌላ የሚበላ አጥቶ ወራት ሙሉ እሱን ብቻ የበላውን ሰው ግን እግሩን ይሰብረዋል፤ የተሰበረውም ዳግመኛ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሞትና ሕይወት በአንድ ፍሬ ውስጥ ናቸው። አትጠገብ የፈለገችው ሁለቱን መለየት ነበር።

የፈለገችበትም ምክንያት ቤቷ ውስጥ ተቀምጧል። አንሙት ይባላል፤ ታላቅ ወንድሟ ነው። በክፉው ዓመት፣ ሁለቱም ልጆች ሳሉ፣ ቤት ውስጥ የቀረው ጥቂት ገብስና ብዙ ጓያ ነበር። አባታቸው አቶ ቢያድግልኝ ገብሱን ለትንሿ ልጅ ብቻ አደረጉ። ጓያውን እሳቸው፣ ሚስታቸውና አንሙት በሉት። ከሦስቱ የተሰበረው አንሙት ነው። እናትየዋ ኋላ በሌላ በሽታ ሞተች። አንሙት በሁለት ዱላ እየተደገፈ፣ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና የሰው ልብስ እየሰፋ ይኖራል። አትጠገብ በእግሯ በሄደች ቁጥር የወንድሟን እግር የወሰደች ይመስላታል። እንዳይመስላት የከለከላት ሰውም የለም።

የመንደሩ ሰው «የጓያ ዶክተር» ይላታል። አበባ ከአበባ እያዳቀለች ስትውል ላየ ሰው ቀልዱ ቅርብ ነው፦ «እኩዮቿ ልጅ ሊድሩ ደርሰዋል፤ እሷ ጓያ ለጓያ ትድራለች።»

ከብዙ ልፋት በኋላ መርዝ የለበትም ለማለት የሚያስደፍር ዘር አገኘች። ጥቂት ነበር። የዩኒቨርሲቲው እርሻ አልሆናትም፤ ዙሪያው ጓያ ነው፤ ንብ ከመርዛማው አበባ ወደ ንጹሁ እየተመላለሰች ታበላሽባታለች። አባቷ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ምርጥ ማሳቸውን ሰጧት። ማሳዋን በትንንሽ መደብ ከፈለችው፤ በአንዱ መደብ ንጹሁን፣ በሌሎቹ ለማወዳደሪያ የአገሩን ጓያ ዘራች። ያላትን ንጹህ ዘር ሁሉ ዘራችው። ሲያብብም ከአጠገቡ መደብ ንብ እንዳይሻገርበት የወባ አጎበር ደረበችለት። በዚህም ተሳቀባት። «እኛ በወባ እንለቅ፣ ጓያ በአጎበር ይተኛ» አሉ። አበባው ሲረግፍ አጎበሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ መደብን ከመደብ የሚለየው፣ አንሙት ከስፌቱ ቁርጥራጭ እየቀደደ በእንጨት ጫፍ ያሰረው ባለቀለም ጨርቅ ብቻ ሆነ። የንጹሁ ጨርቅ አረንጓዴ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ዘር ባለጉዳዮች የሆኑትን ሦስት ሰዎች ላምጣቸው።

አንደኛው መምህሯ ዶክተር ክብረት ናቸው። ጓያው ሊታጨድ ሲል ወደ ከተማ ጠሯት። ሊያርሙት የሚገባቸው የተማሪዎች ፈተና ቢሯቸው ውስጥ ተከምሯል።

«ዶክተር፣ ጓያው ደርቋል። በዚህ ሳምንት ካልታጨደ ይረግፋል» አለች።

«ጓያ እግር የለውም አትጠገብ። የትም አይሄድብሽም።»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ የትምህርት ጊዜዋ እንዲራዘም የሚፈርሙላት እሳቸው ናቸው። ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች።

ሁለተኛው ምንይችል ነው። እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ አብሯት የሚሠራ ተማሪ ነው፤ ትወደዋለች፣ ይወዳታል። «አንቺ ፈተናሽን አርሚ፤ እኔ እሄዳለሁ። እያንዳንዱን መደብ ለየብቻው አጭጄ፣ ለየብቻው በጆንያ አስሬ እጠብቅሻለሁ» አላት።

«ጨርቁን ሳታይ ማጭድ እንዳታነሣ።»

«ጓያ ነው ወይስ ሙሽራ? እሺ፣ ጨርቁን አያለሁ።»

መናኸሪያ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ለውጭ አገር ትምህርት ያመለከተበት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ይፈልገዋል፤ ነገ ነው። «አንድ ቀን ምን ያመጣል» ብሎ ተመለሰ። እንዳትጨነቅበት ብሎም አልነገራትም።

ሦስተኛው አባቷ ናቸው። በዚያው ቀን ያለወቅቱ ጥቁር ደመና ተራራው ላይ ተኛ። አቶ ቢያድግልኝ ሰማዩን አዩ፤ መንገዱን አዩ፤ የሚመጣ ሰው የለም። «የልጄ ልፋት ሜዳ ላይ አይበሰብስም» ብለው ደቦ ጠሩ። ሰዉም የራሱን ትቶ ወጣላቸው። እነዚያን ባለጨርቅ እንጨቶች ለወፍ ማስፈራሪያ የተተከሉ መስሏቸው እየነቀሉ ወደ ዳር ወረወሯቸው። አንሙት ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ «አትቀላቅሉት፣ ለየብቻው ነው» እያለ ተጣራ።

«ዝናብ ሊቀድመን ነው፤ አንተ ጓያን በየስሙ ትጠራለህ?» አሉትና እየዘፈኑ ቀጠሉ።

ሁሉም በአንድ አውድማ ተከመረ። በሬ ተነዳበት፤ ተወቃ፤ ተመነሸ፤ ተለቅሞ ጎተራ ገባ። ሲመሽ ዝናቡ ወረደ። ደቦ ያልጠራው ጎረቤት ጓያው በቆመበት ጠቁሮ፣ ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ እያለ በቀለበት። አቶ ቢያድግልኝ በማግስቱ ለልጃቸው ደወሉ። ድምፃቸው ደስታ ነበር።

«አንዲት ፍሬ አልጠፋችብሽም» አሏት።

ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምነው? የማይሰማ ነገር ሆነ እንዴ?»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

«ታዲያ ደስ አላለሽም?»

ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ልትጮህ ፈለገች፤ የምትጮህበት ሰው አጣች። ሰው በጠላቱ ቢጠቃ ይሳደባል፣ ይከሳል። በሚወዱት እጅ፣ ለራሱ ሲባል የተዘረፈ ሰው ግን ምን ይላል? አመሰግናለሁ ይባላል። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» ብላ ዘጋች።

እንዳልበድል ደግሞ የሠሩትን ደግ እናገራለሁ፤ ሦስቱም በሰበሩበት እጅ መልሰው ጠግነዋልና።

ዶክተር ክብረት በኮሚቴ ፊት ቆሙ። ኮሚቴው «ዘሩ ተደባልቋል፣ ጥናቱ ሞቷል፣ ትሰናበት» ሲል፣ «እሷ ከወጣች እኔም ወንበሬን እለቃለሁ» አሉ። ሊያስለቅቋቸው የሚሹ ባልደረቦች ነበሯቸው፤ ያን ቃል ሲጠብቁ ከርመዋል። እሳቸው ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ለራሳቸው ምርምር ያስመጡትን የመመርመሪያ ኬሚካል ሁሉ ለእሷ ሰጡ። የራሳቸው ሥራ ቆመ።

ምንይችል ቃለ መጠይቁን አልፎ ነበር። ጓዙን አሰናድቶ ሳለ የሆነውን ሰማ፤ አልሄደም። ከእሷ ጋር ላቦራቶሪ ተቀመጠ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ከጎተራው የመጣውን ጓያ አንዱን ፍሬ ያነሣል፤ የሚበቅልበትን ዐይኑን ሳይነካ ከጀርባው በምላጭ ትንሽ ይፍቃል፤ የፋቀውን ኬሚካል ውስጥ ይጨምራል፤ ፈሳሹ ቢጫ ከሆነ መርዝ አለበትና ፍሬውን ይጥላል። ከዚያ ሌላ ያነሣል። ወሩ አልቆ ሌላ ወር ገባ፤ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አሁንም ቢጫ። ዐይኑ ደከመ፤ መነጽር አደረገ። የውጭው አገር ሰዎችም እስከ ጥቅምት ብቻ እንደሚጠብቁት ጻፉለት።

አቶ ቢያድግልኝ ጎተራውን በጭቃ መረጉት። ያ ዝናብ ሌላውን እህላቸውን አበላሽቶት ስለነበር ቤቱ ጦም ያድር ጀመር። ነጋዴ መጣ፣ «ይሸጥልኝ» አለ። ዘመድ መጣ፣ «ኧረ ይበላ፣ ጓያ ድሮስ የድሀ አይደለም?» አለ። «ልጄ ፍሬዋን ለቅማ ሳትጨርስ እጁን የሚያስገባ የለም» አሉ። እህል አጠገብ ተቀምጠው በቀን አንዴ በሉ። ገበያ ሲወጡ ቀበቷቸው ሌላ ቀዳዳ ተበስቶለት ነበር።

በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ክምር ንጹህ ሆኖ የተገኘው እፍኝ የማይሞላ ጓያ ነው።

ልብ ካላችሁ አንድ ሰው አልጠራሁም። ዘሩን መጀመሪያ ያገኘችው፣ ማሳውን የከፈለችው፣ አጎበሩን የዘረጋችው፣ ከምንይችል አጠገብ በሌላ ወንበር ተቀምጣ እኩል ምላጭ የያዘችው ሴት አለች። ጣቷ በምላጭ ተሸርሽሮ ነበር። ያን ማንም ውለታ ብሎ አልያዘላትም። የተያዘው የረዷት ነው። ሰው ሲያግዛት ሥራው የአጋዡ ይሆናል፤ ብቻዋን ስትሠራ ደግሞ ሥራ ሳይሆን ዕድሏ ነው።

መስከረም ገባ። ዋልካው ውኃውን መጦ፣ ጓያ የሚዘራበት ቀን ደረሰ። አትጠገብ ዘሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ አባቷ ቤት መጣች። በዚያው ዕለት የምንይችል ሽማግሌዎች መጡ። ተቀመጡ ሲባሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ወጉ ሙሽራው እቤቱ ይዋል ይል ነበር፤ ምንይችል ግን መነጽሩን እየጠረገ በራፉ ላይ ቆሟል። ገና ንግግሩ ሳይጀመር የዶክተር ክብረት መኪና ግቢው ደጃፍ ቆመ።

«እኔም በአትጠገብ ጉዳይ ነው የመጣሁት» አሉ ዶክተሩ።

ዋናው ሽማግሌ አያ ስንሻው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «እሳቸውስ የማን ወገን ናቸው? ሽማግሌ አጥተው ነው ራሳቸው የመጡት?»

አንሙት ከስፌት መኪናው ጀርባ ሆኖ መለሰ። «እሳቸው የሚጠይቁት ዘሩን ነው፤ አባቴም ዘሩን፤ የናንተው ልጅ ዘሩንም እሷንም። እሷን ራሷን ግን እስካሁን የጠየቀ የለም።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ወጉንም ረስተው ቁጭ አሉ።

መጀመሪያ አባት ተናገሩ። «መሬቱ የእኔ፣ በሬው የእኔ፣ ጦሙም የእኔ ነው። ዋልካው ሳይደርቅ በዚህ ሳምንት ይዘራ፤ ከእኛ አልፎ ለአገሩ ይተርፋል። ልጄም ከቤቷ ትሁን። እኔ ነገ ሟች ነኝ፤ እሷ እንድትቆም ብሎ የወደቀ ወንድም አላት።»

ዶክተር ክብረት ቀጠሉ። «ዘሩ ቀዝቃዛ መጋዘን ገብቶ፣ በዩኒቨርሲቲውና በእኔ ስም መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ ማሳ ላይ የጠፋ ስንት ደግ ዘር አይቻለሁ። ሳይመዘገብ ማንም መሥሪያ ቤት ለገበሬ አያድለውም። እሷም ዶክተር የምትባለው ያን ጊዜ ነው።»

ምንይችል ከበራፉ ገባ። «ያን ዘር በዐይኔ ነው የፈለግሁት። እዚያ አገር ንብ የማይገባበት የመስታወት ቤት አለ። ተጋብተን እንሄዳለን፤ ሥራዋንም እዚያ ትጨርሳለች። እዚህማ ለማጥፋት አንድ ደቦ ይበቃዋል።»

«ደቦውን የጠራሁት አንተ ስትቀር ነው» አሉ አባት።

«እሷ እዚህ ብትሆን እኔም እሄዳለሁ አልልም ነበር።»

«እሷን ማን አስቀራት?» አለ አንሙት፤ ዐይኑን ከመርፌው ሳያነሣ።

ዶክተሩ የመኪናቸውን ቁልፍ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

አያ ስንሻው እንደ ልማዳቸው ለማስታረቅ ሞከሩ። «ለሦስት ይከፈላ። እህል አይደለም?»

አትጠገብ ያን ጊዜ ከጓዳ ብቅ አለች። «ከተከፈለ ያልቃል አያ። ይህን ታህል ነው። አንዱን ድርሻ ወፍ ይለቅመዋል፣ አንዱን አይጥ፣ አንዱን ንብ ያበላሸዋል። ወይ አንድ ላይ ይድናል፣ ወይ አንድ ላይ ይጠፋል።»

«እንግዲያስ ፍርዱ ከባድ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«በባዶ ሆድ አይፈረድም። ምሳ አቅርቢ ልጄ» አሉ አባት።

ገባች። በትሪ ትኩስ ንፍሮ ይዛ ወጣችና መካከላቸው አኖረችው። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጁን ሰዶ፣ ፍሬውን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጓያ ነው። ከጎተራው የተረፈው ነው፤ እናንተ ያዳናችሁልኝ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ዶክተር፣ ይኸው፤ የትም አልሄደም። ምንይችል፣ አንድ ቀን ያመጣው ይህን ነው። አባዬ፣ አንዲት ፍሬ አልጠፋችም። ብሉ።»

«አንድ ቀን ቢቀምሱት እንኳ አይሰብርም» አለ አንዱ ሽማግሌ ለራሱ እንደሚናገር፤ እጁን ግን አልሰደደም።

«አይሰብርም። ወንድሜም የመጀመሪያ ቀን አልተሰበረም» አለች። «እኔም በአንድ ቀን አልተሰበርኩም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተበላሁ ነው። ይህን ፈርሚ፣ ያን አርሚ፣ ይህን ጠብቂ፣ ለዚህ ካሺ። ሁላችሁም ለእኔ ስትሉ። ለእኔ ተብሎ የተደረገው ሁሉ ሲደመር ይህ ትሪ ነው። ብሉ እንጂ።»

የበላ የለም። አቶ ቢያድግልኝ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ያ የክፉው ዓመት ትሪ፣ ገብሱ በአንድ ወገን፣ ጓያው በአንድ ወገን ሆኖ፣ መልሶ የቀረበላቸው ይመስል ነበር።

ዱላ ሲንቋቋ ተሰማ። አንሙት ተነሥቶ፣ እግሩን እየጎተተ መጥቶ፣ ትሪው አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። «ወደ እኔ አድርጊልኝ። የሚሰብረው የቆመን ነው» አለ። አፍሶ ጎረሰ። ሁሉም ሲያኝክ አዩት።

«ጨው አንሶታል» አለ።

ያን ጊዜ አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሊጠይቁት የሚገባውን መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ጠየቁ። «እንዲያው አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

አትጠገብ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንሙት፣ አንተ ንገረኝ። ለማን ልስጠው?»

«እኔን አትጠይቂኝ እቱ። በእኔ እግር ስንት ሰው ወደፈለገበት ሄደ። አንቺ በራስሽ ሂጂ።»

ቋጠሮዋን ጨብጣ ወደ በራፉ ወጣች። በግራ በኩል ወንዙና ማዶ ያለው ማሳ ይታያል፤ የተጠመዱ በሬዎች ቆመዋል። ፊት ለፊት የዶክተሩ መኪና አለ፤ በሩ እንደተከፈተ ነው። በቀኝ ወደ መናኸሪያ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ምንይችል ሁለት ቲኬት ቆርጧል። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው።

አሁን ፍርዱ የእናንተ ነው። ደቦው ባይጠራ ያ ዘር ሜዳ ላይ በስብሶ ነበር፤ ደቦው በመጠራቱም በመርዛማው ክምር ውስጥ ተቀበረ። መምህሩ ባይቆሙላት ተባርራ ነበር፤ መምህሩ ባይጠሯት ደግሞ ማንም አያባርራትም ነበር። ምንይችል ከውጭ ጉዞው ባይቀር እፍኙ አይገኝም፤ ያን ዕለት ከአጨዳው ባይቀር ግን መፈለግም አያስፈልግም። አንዱ ለአገር ይዘራዋል፣ አንዱ ለዘመን ያስቀምጠዋል፣ አንዱ ከእሷ ጋር ያድነዋል። ማናቸውም አልዋሹም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ቶሎ ብላችሁ «ለራሷ ነው» አትበሉኝ፤ እሱ በአፍ ቀላል ነው። መሬት የላትም፣ መጋዘን የላትም፣ የመስታወት ቤት የላትም። የራሷ ከሆነ የት ትዝራው? «ለወንድሟ ነው» አትበሉኝ፤ እሱ ድርሻውን በልቶ ጨው አንሶታል ብሏል። ስታወጡ ስታወርዱ ደግሞ አትቆዩ፤ ዋልካው እየደረቀ ነው፣ ልጅቷም እግሯ ደርቆ በራፉ ላይ ቆማለች።

እስቲ ንገሩኝ፤ ያ እፍኝ የማይሞላ ጓያ ለማን ይገባል?